እሪታው እስኪበርድ

ጎንደር ውስጥ «ሲስተር እታገኘሁ» ብሎ የተጣራ ሰው ዛሬም ቢሆን ብዙ አንገት ያዞራል። የተወለደችው አራዳ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሱቃቸውም ከጣሊያን የቀረ ቢጫ ፎቅ ሥር ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን፣ ኮት ሊያስጠግን የመጣውን፣ ዝናብ ሊጠለል የገባውን ሁሉ ስታዋራ ነው ያደገችው። እናቷ «ይቺ ልጅ ሰው ካጣች ከስፌት ማኪናው ጋር ታወራለች» እያሉ ይስቁባት ነበር። ነርስ ከሆነች በኋላም ሥራዋ ግማሹ መርፌና ክኒን፣ ግማሹ ጨዋታ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ሆስፒታሉ ዘመኗ ስታነሳ መጀመሪያ የሚመጣባት የዝናቡ ድምፅ ነው። የወንዶቹ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። የነሐሴ ዝናብ ሲወርድበት ሐኪሙ አንዱን በሽተኛ «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብሎ ሲጮህ፣ ከወዲያ ጥግ የተኛው ሌላው ሰውዬ «ጎኔን!» ብሎ ይመልስለታል። ያኔ ታማሚውም አስታማሚውም አብሮ ይስቃል። የሚስቅ በሽተኛ አይሞትብኝም የሚል እምነት ነበራት፤ እምነቷ ሁልጊዜ አልያዘላትም እንጂ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ራዲዮው ከሰልፍ ዜማ ሌላ የማያውቅ ይመስል ነበር። የሰሜኑ መንገድ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ነገ ዝግ ነው። ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ይለፍ ወረቀት በኪሱ ካልያዘ ከኬላ ይመለሳል። እታገኘሁ ይህን አልረሳችም፤ በዚያ ዘመን የጠፉባትን የትምህርት ቤት ጓደኞቿን ስም ስትጠራ ድምጿ ዝቅ ይላል። ግን ደግሞ ሰዓት እላፊ ሳይደርስባቸው ሁለት ነርሶች በአንድ ጃንጥላ እየተጋፉ ወደ አራዳ ሲሮጡ፣ የፕላስቲክ ጫማቸው ውኃ ሞልቶ በየእርምጃው ሲያፏጭ፣ የሳቁት ሳቅ አለ። «ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም» ትላለች።

አያ ቢሻውም ከዚያ ዘመን ናቸው። የዳባት ሰው ናቸው፤ በሆስፒታሉ ከመጥረግ እስከ ቃሬዛ መሸከም የማይሠሩት ሥራ አልነበረም። በክረምት ግን ዋና ሥራቸው ከክፍሉ በስተጀርባ በርሜል ጥዶ የበሽተኞችን ልብስ መቀቀል፣ ጸጉራቸውን መላጨት ነበር። ክረምት ሲገባ ግርሻ ይገባል። ግርሻ በቅማል የሚመጣ ትኩሳት ነው። ሰው ተጣብቦ ሲያድር፣ ልብስ አልደርቅ ሲል፣ ቅማሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በሽታውም አብሮ ይሻገራል። ትኩሳቱ ሰውዬውን ጥሎት ጥሎት ይለቀዋል፤ ዳነ ሲባል ተመልሶ ይይዘዋል። ስሙም ከዚያ መጣ።

መድኃኒት አለው፤ ለዚያውም ቀላል። ነገር ግን አንድ ጉድ ነበረበት። መድኃኒቱን የወሰደ በሽተኛ ጥቂት ቆይቶ ከመውሰዱ በፊት ከነበረው ይብስበታል። አልጋው እስኪንቋቋ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ይነድዳል፣ ይቃዣል፤ ከዚያ ላብ ያጠምቀዋል። ያን ያለፈ ይድናል።

ይህን ነገር ዶክተር ዋኘው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነርሶቹን ሰብስበው ሲያስተምሩ አነሱት። ዶክተር ዋኘው ሲናገሩ ጠመኔያቸውን እንደ ሲጋራ በሁለት ጣት ይይዙ ነበር።

«መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በአንድ ጊዜ ይፈጀዋል» አሉ። «ስብርባሪው ደም ውስጥ ይበተናል። ነጭ የደም ሴሎች ያንን ስብርባሪ ሲነኩ ይደነግጣሉ፤ መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ ፕሮቲን ነው። በደም ተጉዞ አንጎል ይደርስና ‹እሳት ጨምሩ› ይላል። ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ማገዶው ነው። አያችሁ? የሚያንቀጠቅጠው ጀርሙ አይደለም፤ ጀርሙማ ሞቷል። የሚያንቀጠቅጠው የገዛ ሴሎቻችን ጩኸት ነው።»

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሳሉ፤ ያ ሴል መሆኑ ነው። «ከሴል ወደ ውጭ የሚላክ ፕሮቲን ገና ሲሠራ ግንባሩ ላይ ምልክት ይደረግለታል። ያ ምልክት ይለፉ ነው በሉት። ይለፉ ታይቶ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቷ እስከ ሴሉ ጠርዝ ትሄድና አፏን ወደ ውጭ ትከፍታለች። ከትኩሳት አምጪዎቹ አንዱ ግን፣ ለዚያውም ዋነኛው፣ ይለፍ የለውም። ከረጢት ውስጥም ፈልገው አላገኙትም። ይሁን እንጂ ውጭ ቆሞ እናገኘዋለን።» ጠመኔያቸውን አስቀመጡና «በዚህ ዘመን ያለ ይለፍ ኬላ ያለፈ ፍጡር እሱ ብቻ ነው» አሉ።

ሁሉም አንድ ላይ ወደ በሩ ዞሮ አየ። ማንም አልነበረም። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

«እንዴት ነው ታዲያ የሚያልፈው ዶክተር?» አለች እታገኘሁ።

«እኔም የምጠይቀው እሱን ነው፤ ከደረስሽበት ሹክ በይኝ።»

አሁን አሁን ተደርሶበታል አሉ። ጡረታ ከወጣች ከብዙ ዘመን በኋላ ለደም ግፊቷ የምታያት ወጣት ሐኪም ስታጫውታት፣ ሴሉ ሲደነግጥ የገዛ ቆዳውን በስቶ ቀዳዳ ይከፍታል፣ መልእክቱም በዚያ ሾልኮ ይወጣል፤ አንዳንዱ ሴልም በከፈተው ቀዳዳ ውኃ ገብቶበት ያብጥና ይፈነዳል፣ ጮኾ ይሞታል አለቻት። እታገኘሁ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያሰበችው ዶክተር ዋኘውን ነው። ሮጣ ልትነግራቸው ወደደች፤ የምትሮጥበት ቤት ግን የለም፤ አፈር ከለበሱ ቆይተዋል።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በ1978 ነሐሴ ነው። ከአዲ አርቃይ እህል ጭኖ የመጣ ማኪና ከእህሉ ጋር አንድ በሽተኛ አወረደ። ፋንታሁን ይባላል፤ ጠንካራ ገበሬ ነው፤ ያን ቀን ግን በሁለት ሰው ተደግፎ ነበር የገባው። ይዛው የመጣችው ታላቅ እህቱ አባይነሽ ናት፤ ጠና ያለች፣ ከል የለበሰች፣ ዓይኗ ቀጥ ብሎ የሚያይ ሴት።

«ምን ሆኖ ነው እትዬ?» አለች እታገኘሁ።

«ወፍ ነው። ዓይኑን አታይውም? አደይ አበባ መስሏል።»

«መቼ ጀመረው?»

«ሰሊጥ አርማለሁ ብሎ ቆላ ወረደ። ከመቶ ወንድ ጋር አንድ ዳስ ውስጥ ሲያድር ከርሞ ትኩሳት ተሸክሞ መጣ። ለቀቀው፤ ሸጋ ሆነ ስንል ተመልሶ ጣለው።» ከዚያ ጣቷን አነሳች። «ነገር ግን አንድ ነገር ላስቀድም እህቴ። መርፌ አትወጉትም። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም።»

ይህን ቃል እታገኘሁ ከስንት ሰው እንደሰማችው አይቆጠርም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል የሚለው እምነት ከደጋ እስከ ቆላ ያለ ነው፤ አራዳም ውስጥ ቢሆን አልጠፋም። ቀና ስትል ምላጭ ይዘው ከኋላ የቆሙት አያ ቢሻው ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ አየቻቸው።

«አያ ቢሻው! እርስዎም?»

«እኔ ምን አልሁ?» አሉ። «ቅማሉ አንገቴን በልቶኝ ነው።»

ደሙ ሲታይ ግርሻ መሆኑ ታወቀ። ቢጫነቱም ከዚያው የመጣ ነው፤ በሽታው ጉበት ሲነካ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ዶክተር ዋኘው የአባይነሽን ክልከላ ሲሰሙ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ከሷ ጋር ከምንከራከር ክኒኑን ስጪው፤ ቴትራሳይክሊን አለን። ብቻ እታገኘሁ፣ መንቀጥቀጡ በክኒኑም ይመጣልና አስቀድመሽ ንገሪያት።» ይህን ብለው ወደ ሴቶቹ ክፍል ተጠርተው ሄዱ።

እታገኘሁ ለመናገር የሚከብዳትን ነገር ማለስለስ ትወዳለች። ፋንታሁን ክኒኑን ሲውጥ እህቱን ፈገግ ብላ «ትንሽ ይበርደዋል፤ አትደንግጪ» አለቻት። አባይነሽም ክኒን በመሆኑ ልቧ ረግቶ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ብርዱ ሲመጣ ትንሽ አልነበረም። መጀመሪያ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ፤ ቀጥሎ ጉልበቱ፤ ቀጥሎ የብረት አልጋው ከሲሚንቶው ጋር መጋጨት ጀመረ። ጎረቤት አልጋ ላይ ያሉት በሽተኞች ቀና ቀና አሉ።

«ይኼ ነው ትንሽ?» አለች አባይነሽ ብድግ ብላ። «ወጋችሁት! ሳላይ ወጋችሁት!»

«እትዬ፣ አልወጋነውም። እያየሽ ክኒን ነው የዋጠው።»

«እንግዲያው መርፌውን ፈጭታችሁ ነው በክኒን ያደረጋችሁት! ምነው እህቴ፣ ምን በደልሁሽ?» ወንድሟን በብብቱ ያዘች። «አያ ቢሻው፣ በሞቴ፣ ከወዲያ በኩል አንሱልኝ። እዚህ ከሚሞትብኝ ጠበሉ ደጅ ይሙት።»

አያ ቢሻው አንድ እግራቸው ወደ አልጋው ሄደ፤ አንዱ ቀረ። እታገኘሁን አዩ፤ አባይነሽን አዩ፤ መጨረሻ ላይ ምላጫቸውን አዩ።

እታገኘሁ ፈራች። ግርሻ ይህን መንገድ ሲሄድ በሽተኛ ከተኛበት መነሳት የለበትም፤ የልቡ አቅም ተሟጥጧል። አምና አንድ ጎረምሳ ትኩሳቱ ሲያልፍለት ዝናብ ልይ ብሎ ወደ መስኮቱ ተነሥቶ ሄደና እዚያው ወድቆ ቀርቷል። ፋንታሁንን አንስተው መንገድ ከገቡ ማኪናው ጋ እንኳ አይደርስም። መሮጥም መጮህም አልሆነላትም፤ የምታውቀው ማውራት ነው። አልጋው ላይ፣ በፋንታሁንና በእህቱ መካከል፣ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር መልሺልኝና ከዚያ ውሰጂው። እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ያየሽው ሰው አለ?»

የአባይነሽ እጅ ላላ። «ባሌ። ቢያዝን ይባል ነበር። አምና እንዲሁ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ዛሪማ ገበያ ላይ የሚዞር መርፌ ወጊ ወጋብኝ። ወዲያው እንዲህ አንዘፈዘፈው። በቃሬዛ አንስተን ወደ ጠበል ስንሮጥ መንገድ ላይ ቀረ።»

አንስተን። ቃሉ እታገኘሁ ጆሮ ውስጥ ቆመ። ክርክሩን በአንድ ጊዜ የሚያሸንፍ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ መርፌው አይደለም ባልሽን የገደለው፣ ማንሳታችሁ ነው። የሴትዮዋን ከል አየች። ዋጠችው። ሌላ መንገድ ፈለገች።

«አገራችሁ ጅብ በረት ሲገባ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አለች አባይነሽ ወንድሟን ሳትለቅ። «እሪ እላለሁ።»

«ማን ይሰማሻል?»

«ማዶ ያለው ይቀበለኛል። ከሱ ማዶ ያለው ደግሞ እሱን ይቀበለዋል። አገር ይመጣል።»

«ጅቡ ተገደለ እንበል። እሪታው ወዲያው ይቆማል?»

«የት ይቆማል! ያልሰማው ገና ሲሰማ፣ የሰማው ዱላ ይዞ ሲመጣ! ሰው የሚጠራቀመውማ ጅቡ ከሞተ ወዲያ ነው።»

«ማሳሽስ?»

«ማሳዬንማ ረግጠው ረግጠው...» አባይነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ክኒኑ ጅቡን ገድሎታል እትዬ። አሁን የምታይው አገሩ ሲመጣ ነው። ደሙ ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች ሬሳውን አይተው አንድ ላይ እሪ ብለዋል። ለጠላት የመጣው ሁሉ የሚረግጠው ግን የፋንታሁንን ገላ ነው።»

አባይነሽ የወንድሟን ግንባር ዳሰሰች። «ሸጋ ተናገርሽ» አለች በመጨረሻ። «ማሳው ግን ወንድሜ ነው።»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ። በተረገጠ ማሳ ላይ በሬ አይነዳም። እሪታው እስኪበርድ አታንሺው። አሁን የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ቅድም አለሳልሼብሽ ነበር። መንቀጥቀጡ ይለቀዋል፤ ከዚያ ይነድዳል፣ ይቃዣል። ከዚያ ላብ ያጥለቀልቀዋል፤ ያኔ ‹ደህና ነኝ፣ አንሱኝ› ይልሻል። አትመኚው። ክፉው ሰዓት ያ ነው። እንደማይሞት ልምልልሽ አልችልም፤ ከተነሳ ግን ይብሳል። ላቡ ደርቆ ልቡ ከረጋ በኋላ መሄድ ከፈለግሽ፣ ቃሬዛውን በአንድ በኩል እኔ እሸከምልሻለሁ።»

«አንቺ በዚህ በቀጭን ክንድሽ?» አለች አባይነሽ። ግን ተቀመጠች። አያ ቢሻውም ትንፋሻቸውን ለቀው ወደ በርሜላቸው ሄዱ።

መንቀጥቀጡ ለቀቀው። ቀጥሎ እንደተባለው ነደደ። እታገኘሁ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን እየጠረገች ሳለ ፋንታሁን ዓይኑን በልጥጦ «ሃ! ና ወዲህ ቦራ! መስመርህን ያዝ!» ብሎ ጮኸ። አባይነሽ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣት። «ቦራን ከሸጥነው ስንት ዘመኑ! ለነገሩ ያኔም አይሰማውም ነበር» አለች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

ላቡ ሲመጣ እታገኘሁ ከወዲያኛው ጥግ ሌላ በሽተኛ እያስመለሰው ተጠርታ ነበር። ዞር ስትል ያየችውን ዛሬም አልረሳችውም። ፋንታሁን ዓይኑን ገልጦ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እቴ አባይ፣ ደህና ነኝ። ለቀቀኝ። አንሺኝና ወደ አገራችን እንግባ» ይላል። የአባይነሽ ሁለት እጆች በብብቱ ሥር ገብተዋል። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ብትጮህም አትሰማት። እታገኘሁ የሚያስመልሰውን በሽተኛ ትታ ለመሮጥ ስትነሳ፣ አባይነሽ እጇን ቀስ ብላ ስታወጣ አየች። ከዚያ የብርድ ልብሱን ጫፍ በጉልበቷ ተጫነችና ትከሻውን ወደ ትራሱ መለሰችው።

«ተኛ!»

«ደህና ነኝ እኮ አልሁሽ።»

«ባሌም እንዲሁ ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ተኛ አልሁህ።»

ጉልበቷን ከብርድ ልብሱ ላይ ሳታነሳ፣ ልቡ በሥርዓት መምታት እስኪጀምር ድረስ፣ እንደዚያው ቆየች። እታገኘሁ የእጁን የደም ሥር ይዛ ስትከታተል አባይነሽ ፊቷን ታነብባት ነበር፤ ነርሷ ፈገግ ስትል እሷም እግሯን ዘረጋች።

ወደ ማታ ዝናቡ አባራ። ፋንታሁን እያንኮራፋ ነው። አባይነሽ በመስኮቱ በኩል የባሕር ዛፎቹ ጠብታ ሲንጠባጠብ እያየች፣ ሳትዞር፣ «እህቴ» አለች። «ያን ቀን ባናነሳው ኖሮስ?»

እታገኘሁ የፋንታሁንን ብርድ ልብስ አስተካከለች። «ያን ቀን አላየሁትም እትዬ» አለች ቆይታ። «ተኝቶም የሞተ አይቻለሁ።»

«አንቺ ደግ ልጅ ነሽ» አለች አባይነሽ። «ውሸት ግን አትችይበትም።»

«አልዋሸሁም።»

«እሱም እውነት ነው። ሳትነግሪኝ የተውሽውን ነው የምልሽ።» ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች፤ እታገኘሁም ከአጠገቧ ቁጭ ብላ ምንም ሳትል ቆየች። በሕይወቷ ዝም ብላ ከተቀመጠችባቸው ሰዓቶች ረጅሙ ያ ነው ትላለች።

ሲወጡ ሌላ ጠብ ነበር። አያ ቢሻው የፋንታሁንን የበግ ጸጉር ባና ከጨርቁ ጋር ቀቅለውት፣ ተኮማትሮ የሕፃን መጠቅለያ አክሎ ወጣ። «ቅማሉን ገደልሁ እኮ!» ይላሉ። «ባናውንም አብረው ገደሉት!» ይላል ፋንታሁን የተላጨ ራሱን እየዳሰሰ። አባይነሽ ሁለቱንም ዝም አሰኝታ ወንድሟን እየመራች ወጣች።

መስቀል ሳይደርስ ያው የእህል ማኪና ተመልሶ መጣ። ከላዩ አባይነሽ ወረደች፤ ከኋላዋ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሁለት ጎረቤቶቿ፣ ከነሚስቶቻቸው። «በየቤቱ ደብቀዋቸው ነው ያገኘኋቸው» አለች። የነዚህኞቹን መርፌ አባይነሽ ራሷ ቆማ አስወጋች።

ብርዱ ሲጀምር የአንደኛው ሚስት፣ ታየች የምትባለው፣ እሪ ብላ ተነሣች፤ ባሏን በክንዱ ጎተተች፤ «ገደላችሁት! መርፌ ገደለው!» አለች። እታገኘሁ ከመድኃኒት መደርደሪያው ዘወር አለች። አንድ አባባል እያዘጋጀች ወደ አልጋው ስትሄድ፣ አባይነሽ ቀደመቻት። ጎረቤቷን ትከሻዋን ይዛ፣ የዝናቡን ድምፅ በሚያሸንፍ ድምፅ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣

«ልቀቂው ታየች!» አለች። «የኔን ባል መርፌ አልገደለውም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

እታገኘሁ እርምጃዋን ገታች። ታየች የባሏን ክንድ ለቀቀች።